የአክስቴ ጎታ

ሁለት ዓመት ያህል ማክሰኞ ማክሰኞ ማታ፣ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ጓደኛችን ጠባብ ቤት እየተሰበሰብን የዘመናችንን ሥነ ጥበብ ንድፈ ሐሳብ እናጠና ነበር። አምስት ነበርን፤ ሁለት ሠዓሊዎች፣ አንድ ቀራፂ፣ አንዲት የታሪክ መምህርትና እኔ ፎቶግራፍ አንሺው። መጽሐፍ እንደ ልብ ስለማይገኝ አንዱ ያገኘውን ምዕራፍ ፎቶ ኮፒ አስደርጎ ያመጣል፤ ቡና ይፈላል፤ ከዚያ እስከ ምሽቱ አራት ሰዓት ጭቅጭቅ ነው።

ጭቅጭቁ ከሽንት ቤት ይጀምር ነበር ብል አንባቢ አይሣቅብኝ። ማርሴል ዱሻምፕ የተባለው ፈረንሳዊ በ1917 (እ.ኤ.አ.) ከሱቅ የተገዛ የወንዶች መሽኛ ገልብጦ፣ የሐሰት ስም ፈርሞበት፣ ‹‹ምንጭ›› ብሎ ኒው ዮርክ ውስጥ ለሚከፈት ዐውደ ርእይ አቀረበው። አዘጋጆቹ ለተመልካች አላሳዩትም፤ ዛሬ ግን ሳይጠቀስ የሚያልፍ የጥበብ ታሪክ የለም። ከእሱ ወደ አሜሪካዊው ፈላስፋ አርተር ዳንቶ እንሻገራለን። ዳንቶ በ1964 (እ.ኤ.አ.) አንዲ ዋርሆል የሠራቸውን የሸቀጥ ካርቶን የሚመስሉ ሣጥኖች አይቶ፣ አንድ ዕቃ ከሱቁ አምሳያው በዓይን ሳይለይ ጥበብ የሚሆነው በዙሪያው ባለው ታሪክና ሐሳብ ነው ብሎ ጻፈ። ከዚያ ኒኮላ ቡሪዮ ይመጣል፤ በ1998 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው መጽሐፍ የሥራውን ልብ ከግድግዳው ላይ አውርዶ በሰዎች መካከል ወዳለው ግንኙነት አዛወረው። የኛም ሰዎች አይቀሩም። ገብረ ክርስቶስ ደስታ ከጀርመን ትምህርቱ ተመልሶ ረቂቅ ሥዕሎቹን ለአዲስ አበባ ሰው ሲያሳይ ‹‹ይህ የኢትዮጵያ ነው ወይ?›› መባሉን፣ እስክንድር ቦጎሲያን ከክታብና ከጠልሰም ቀድቶ በፓሪስና በአሜሪካ የሣለውን እያነሣን እናመሻለን።

እኔ ከሁሉም የያዘኝ ‹‹ዕይታ›› የሚለው ርእስ ነበር። ማን ማንን ያያል? የሚታየውስ ሰው ምን ይላል? ስለዚህ ጉዳይ አንድ ደብተር ሙሉ ጽፌአለሁ። ደብተሩ ዛሬም አለ። የሚያሳፍረኝም እሱ ነው፤ ምክንያቱም ያንን ሁሉ የጻፍኩት ጥፋቱን ካጠፋሁ በኋላ ሆኖ ሳለ፣ ከገጾቹ በአንዱ እንኳ የራሴ ስም የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የተወለድኩት ዋግ ኽምራ፣ ፃግብጂ ውስጥ ነው። እናቴ በልጅነቴ ስለሞተች ያሳደገችኝ አክስቴ ናት። በ2008 ዓ.ም. ዝናቡ ቀርቶ አገሩ በደረቀ ጊዜ ልጠይቃት ሄጄ ነበር። አንድ ቀን ማለዳ፣ ከውጭ ስገባ፣ አክስቴ በጎታው አፍ አንገቷን አስገብታ አየሁ። ጎታውን በእጇ የሠራችው ራሷ ናት፤ ጭቃውን ከጭድና ከእበት ጋር አቡክታ፣ ዙር በዙር እያደረቀች፣ ሳምንታት ፈጅታ። ትከሻዋ ብቻ ይታያል። ከበሩ የሚገባው ብርሃን የጎታውን ከንፈር ይዞታል። ካሜራዬ አንገቴ ላይ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ ተጫንኩት። ድምፁን አልሰማችም፤ ወይም የሰማች አልመሰለኝም።

ያ ፎቶግራፍ ‹‹ባዶ›› በሚል ርእስ አዲስ አበባ ታየ። አንድ ሐያሲ ስለ ቅርጹ አንስቶ፣ የሴቲቱ ገላና የሸክላው ገላ አንድ ሆነዋል አለልኝ። አንድ የውጭ አገር ሰው በአሥራ ሁለት ሺህ ብር ገዛው። በጊዜው ለኔ ብዙ ገንዘብ ነበር። አክስቴ ዘንድ ስኳርና ቡና ላክሁ፤ ስለ ፎቶግራፉ ግን ትንፍሽ አላልኩም። አዲስ አበባ በቀን ሥራ የሚተዳደር ልጇ የዐውደ ርእዩን በራሪ ወረቀት ከአንድ ግንብ ላይ አይቶ የእናቱን ቀሚስ ለየ። ወረቀቱን ልጦ፣ አጣጥፎ ላከላት።

ይህን የሰማሁት በ2011 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት መካኒሳ የዞማ ቤተ መዘክር ተከፍቶ ነበርና የማክሰኞ ጓደኞቼ ሄደን አይተናል። ሠዓሊው ኤልያስ ስሜና አጋፋሪዋ መስከረም አሰግድ የጭቃና የጭድ አሠራርን ከገጠር እጅ ወስደው ያቆሙት ግቢ ነው። ግድግዳውን በመዳፌ ስዳብስ የመጣብኝ የአክስቴ ጎታ ነው። ጓደኞቼ ስለ ቁስና ስለ ትዝታ ይከራከራሉ፤ እኔ አፌ ተዘጋ። በነሐሴ ለሻደይ አገሬ ገባሁ።

ከሰቆጣ ከመነሳቴ በፊት ወደ ውቅር መስቀለ ክርስቶስ ጎራ ብዬ ነበር። ከዓለት የተፈለፈለች ቤተ ክርስቲያን ናት፤ የጥንት የዋግ ሹሞች አስከሬን በሣጥን ተቀምጦ ይገኝባታል። ከኔ ጋር የነበሩ ጎብኚዎች ለማየት ይንጠራራሉ። እኔም ተንጠራርቻለሁ፤ ልዋሽ አልችልም።

አክስቴ ቤት ስደርስ ስማኝ፣ እግሬን አጥባ፣ አብልታኝ፣ ቡናው ሁለተኛ እስኪደርስ ድረስ ምንም አላለችም። ከዚያ የታጠፈውን ወረቀት ከመቀነቷ ፈትታ ዘርግታ ጉልበቴ ላይ አኖረችው።

‹‹ይቺ እኔ ነኝ?›› አለችኝ።

‹‹አዎ፣ እማ።››

‹‹ጎታዬን ለሰው አሳየህ።››

ያን ጊዜ ስለ ዐውደ ርእይ፣ ስለ ተመልካች፣ ሥራው የድርቁን ነገር ለከተማ ሰው ስለማሳወቁ መናገር ጀመርኩ። በኽምጣና ስጀምር ቃሉ ስላጣኝ ወደ አማርኛ ዞርኩ፤ በአማርኛም አልሆነልኝም። ዝም ብላ ሰማችኝና ስለ 1977 ታወራልኝ ጀመር። ከዚያ በፊት አውርታልኝ አታውቅም።

ያኔ ገና ወጣት ነበረች። ከቤተሰቧ ጋር ቀናት በእግር ተጉዘው እርዳታ ፍለጋ ኮረም ወረዱ። አንባቢ እንደሚያውቀው የኮረምን ረኃብ ኬንያዊው መሐመድ አሚን ቀርፆ፣ ማይክል በርክ ዘግቦት ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. በቢቢሲ ታየ፤ ከዚያ ዘፈኑ፣ ከዚያም በሐምሌ ለንደንና ፊላደልፊያ የተደረገው ታላቁ የሙዚቃ ዝግጅት መጣ። ያ ምስል እህል አምጥቷል፤ ነፍስም አትርፏል። ይህን ማንም አይክድም፤ አክስቴም አልካደችም። ‹‹ከፈረንጆቹ ስንዴ በልቻለሁ›› አለች። ‹‹ግን መሣሪያውን ይዘው ሲመጡ ነጠላዬን ፊቴ ላይ እጥል ነበር። እናቴ እንዲያ አድርጊ አለችኝ። ሊሞቱ የነበሩት መሸፈን አልቻሉም፤ እነሱን አነሱ።››

ቀጥላ ስለ 2008 አወራች። ‹‹በዚያ ክረምት ጠዋት ጠዋት ምድጃዬን አነድ ነበር። ድስት የምጥድ መስሎህ? የምጥደው አልነበረኝም። ጎረቤት ከጣራዬ ጢስ ሲወጣ እንዲያይ ነው። እነሱም ያነዱ ነበር። ማናችንም አንጠያየቅም። አንተ ስትመጣ ጢሱን አልፈህ ገባህ።››

እውነቷን ነው። ጢሱን አይቻለሁ። ቁርስ የደረሰ መስሎኝ ነበር የገባሁት።

ደብተሬ ውስጥ ይህን የመሰለውን ነገር የምጠራበት ቃል ሞልቷል፤ ትዕይንት፣ ድርጊታዊ ጥበብ፣ የጋራ ተሳትፎ። ቡሪዮ ቢሰማ ምን ይል ነበር እያልኩ መገመቴን አልደብቅም። ለካስ በጉዳዩ ላይ የሚቀርበው ቃል ሌላ ነው፤ ማክሰኞ ማክሰኞ አንድም ቀን አንሥተነው አናውቅም። ገመና። እኔ ያሳየሁት ጎታዋን አልነበረም፤ መንደሩ ሁሉ በጢስ የሸፈነላትን ገመና ነበር።

አሥራ ሁለት ሺህ ብሩን ይዤ ነበር። በፖስታ አድርጌ ሰጠኋት። አላፈረችም፣ አልተግደረደረችም፤ አወጣችና ቆጠረች።

‹‹ይኼ የጎታው ነው›› አለች። ‹‹የኔስ?››

መልስ አልነበረኝም። የመጀመሪያውን ምስል አጠፋለሁ አልኳት። ‹‹የገዛውስ?›› አለች። ፈረንጁ አገሩ ገብቷል፤ የት ግድግዳ ላይ እንደሰቀለው አላውቅም። በራሪ ወረቀቱን አንሥታ መልሳ አጠፈችና ወደ ጎታው ሄደች። በዚያ ዓመት ማሽላ ነበረበት። ወረቀቱን ከማሽላው ውስጥ እስከ ክንዷ ድረስ ቀበረችው። ለምን እንዲያ እንዳደረገች አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ከሰዓት በኋላ ከበሮ ተሰማ። የሰፈሩ ልጃገረዶች ሻደይ ቅጠሉን ወገባቸው ላይ አስረው፣ ጸጉራቸውን ተሠርተው፣ ቤት ለቤት እየጨፈሩ ደጃችን ደረሱ። እኔ ካሜራዬን ገና ከቦርሳ አላወጣሁም፤ ላወጣም አላሰብኩም። አክስቴ ለልጆቹ የምትሰጠውን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ዞራ አየችኝ።

‹‹ምን ትጎለታለህ? እነሱን አንሣ እንጂ›› አለች። ‹‹ለብሰዋል እኮ።››