በሞቴ ከማለታችን በፊት

በአገሬ በደብረ ታቦር እንግዳ ሳይጠግብ ከወጣ ኀፍረቱ የባለቤቱ ነው። ባለፈው ዓመት በዐቢይ ጾም የመኝታ ቤት ጓደኛዬን ይዤ ለዕረፍት ወደ ቤታችን ስሄድ ይህንኑ ኀፍረት እየፈራሁ ነበር። ያልፈራሁት ሌላ ነገር ግን ሊደርስብን ኖሯል።

ጓደኛዬ የባቢሌ ልጅ ነው። በኦቾሎኒ አገር ተወልዶ ኦቾሎኒ አይቀምስም፤ ከቀመሰ ከንፈሩ ያብጣል። እኛም በዚህ ስንስቅበት ኖረናል። «እናንተ ደጋ ኦቾሎኒ የለም፤ እዚያ ምን ያሰጋኛል?» ብሎ ተከተለኝ።

እናቴ ድንች በክብ በክቡ ቆርጣ፣ በሊጥ ነክራ፣ በኑግ ዘይት ልትጠብስልን ተነሣች። ጾም ነውና እንቁላል አይገባበትም፤ በፋንታው የሽምብራ ዱቄት ልትጨምር ስትል እኔ አዋቂው ጣልቃ ገባሁ። በኤውሮጳ ጋጋሪዎች እንቁላልን በግብጦ ዱቄት እንደሚተኩ አንብቤ ነበርና፣ ተዘፍዝፎ ምሬቱ የወጣለትን ደረቅ ግብጦ በሙቀጫ ወቅጬ፣ ነፍቼ አቀረብሁላት። ጥብሱ በእውነት አማረ።

እንግዳው ሁለት ቁራጭ በልቶ «በቃኝ፣ እትዬ» ቢል እናቴ «በሞቴ!» ብላ ሦስተኛውን አጎረሰችው። ብዙም አልቆየ፤ ከንፈሩ አበጠ፤ ገላው በሽፍታ ተሞላ፤ ትንፋሹ ያፏጭ ጀመር። ጎረቤታችን «ቡዳ በልቶት ነው!» ብላ የሚታጠን ሥር ፍለጋ ሮጠች። እኔ ባጃጅ ፍለጋ ሮጥሁ።

ሐኪሙ ጭኑ ላይ አድሬናሊን ወጋው፤ ትንፋሹም ተመለሰ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «ምን በላ?» አለኝ። «ድንች» አልሁ። «ሊጡስ ከምን ተሠራ?» ሲለኝ ነገሩ ገባኝ።

ግብጦና ኦቾሎኒ በዘር ዘመዳሞች ናቸው። በሁለቱ ውስጥ ያለው ፕሮቲን ስለሚመሳሰል ኦቾሎኒን ጠላቴ ብሎ የያዘ ሰውነት ግብጦንም በዚያው ዓይን ሊያየው ይችላል። ኦቾሎኒ የማይስማማው ሁሉ በግብጦ ይታመማል ማለት አይደለም፤ ነገር ግን የኤውሮጳ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2006 ግብጦን በምግብ ማሸጊያ ላይ የግድ ከሚጻፉት አለርጂ አምጪዎች ዝርዝር ውስጥ ያስገባው በዚሁ ምክንያት ነው።

እኛ የደቡብ ጎንደር ሰዎች ስለ መርዝ እናውቃለን። ጓያን ለወራት ዋና ምግቡ ያደረገ ሰው እግሩ ሊሽመደመድ እንደሚችል በፎገራ ያልሰማ የለም። ግብጦንም ሳንዘፈዝፍ አንበላም። አለርጂ ግን ሌላ ነው። ውሃው መራራውን መርዝ ያወጣል እንጂ ለአንዱ ሰው ብቻ ጠላት የሆነውን ፕሮቲን አያወጣም፤ የዘይቱ ግለትም ይጨርሰዋል ተብሎ አይታመንም። ለእኛ ሁሉ ምሳ የሆነው ለእርሱ ሞት ሊሆን ምንም አልቀረውም ነበር።

ጓደኞቼ ሆይ፤ በጾም ወራት በየቤቱም በየምግብ አዳራሹም ብዙ ነገር በሌላ ይተካል። መተካቱ ጥፋት አይደለም፤ ጥፋቱ ሳይናገሩ መተካት ነው። «አይስማማኝም» የሚል ሰውም ምግባችንን የናቀ አይደለምና መሳቃችንን እንተው። እኔ ስቄ ነበር።

ጓደኛዬ በዚህ ዓመትም መጥቶ ነበር። እናቴ ሽሮውን አቅርባ፣ በውስጡ የገባውን አንድ በአንድ ቆጠረችለት። «በሞቴ» ያለችው ከዚያ በኋላ ነው።