«ገና ሳልሞት ልትካፈሉኝ ነው?»

ኅዳር 10 ቀን 2017 ዓ.ም. የእንግሊዝ ገበሬዎች በሺዎች ሆነው ለንደን አደባባይ ወጥተው ነበር። መንግሥታቸው ከአንድ ሚሊዮን ፓውንድ በላይ በሚያወጣ የእርሻ ውርስ ላይ 20 በመቶ ግብር ሊጥል መሆኑ ነው ያስቆጣቸው። «አባቴ ሲሞት ግብሩን ለመክፈል መሬቱን ልሸጥ ነው ወይ?» ይሉ ነበር። መንግሥት በኋላ ገደቡን ከፍ አደረገው። እኔ ግን ያንን ዜና ስከታተል ሐሳቤ የነበረው ጎጃም ነው።

የእኛ ገበሬ የውርስ ግብር አያውቅም። በ1967ቱ አዋጅ የገጠር መሬት የሕዝብ ሆኗል፤ የአሁኑ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም ይላል። ስለዚህ ገበሬው ለልጆቹ የሚያወርሰው የመጠቀም መብቱን ነው፤ ከዚያ ላይ መንግሥት ድርሻዬን አምጡ አይልም። ቤተሰቡ ግን ይከፍላል። ለጠበቃ ይከፍላል፣ ለማመልከቻ ጸሐፊ ይከፍላል፣ ከቀበሌ ወረዳ፣ ከወረዳ ዞን ሲመላለስ ለመኪናና ለማደሪያ ይከፍላል፣ ምስክሮቹን ምሳ ያበላል። በሬ ተሽጦ የተከፈለበት ክርክር አይቻለሁ። ተከራክረው የጨረሱት ወንድማማቾች ከዚያ በኋላ የእናታቸው ለቅሶ ላይ እንኳ አብረው መቀመጥ አልቻሉም።

የዚህ ሁሉ መነሻ አብዛኛውን ጊዜ ዝምታ ነው። ልጅ አባቱን «መሬቱን ለማን አሰብከው?» ብሎ ቢጠይቅ ሟርት ይሆንበታል። «ገና ሳልሞት ልትካፈሉኝ ነው?» ይባላል፤ ከዚያ በኋላ ደፍሮ የሚጠይቅ የለም።

ከዚያ አባት ይታመማል። የነፍስ አባቱ ይጠራሉ፣ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ እሱም በደከመ ድምፅ ይናገራል፤ የወንዝ ዳሩ ለታናሹ፣ የጓሮው ለሴት ልጁ፣ ባሕር ዛፉ ለእገሌ። ሁሉም ሰምቷል፣ ቄሱም ሰምተዋል። ቤተሰቡ ኑዛዜ አለን ብሎ ያምናል። ሕጉ ግን እንዲህ ያለውን ቃል ለመሬት አይቀበለውም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የቃል ኑዛዜ የሚሠራው ለጥቂት ነገር ነው፤ ስለ ቀብር ሥርዓት፣ ስለ ትንንሽ ልጆች አሳዳጊ፣ እያንዳንዱ ከ500 ብር ለማይበልጥ ስጦታ። ተናዛዡ ተሽሎት ከተነሣ ደግሞ ቃሉ ከሦስት ወር በኋላ ይቀራል። ይህን የሚያውቅ የገጠር ቤተሰብ ስንት ነው? ሟች የተናገረው እውነት ሆኖ ሳለ፣ ሀገር የመሰከረለት ሆኖ ሳለ ዳኛው ፊት ይወድቃል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው።

በጽሑፍ የሚደረገውም ቢሆን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ግልጽ ኑዛዜ የሚባለውን ሌላ ሰው ሊጽፈው ይችላል፤ ግን በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት፣ መነበቡና ቀኑም እዚያው ወረቀቱ ላይ መጻፍ አለበት፣ ሁሉም ወዲያው መፈረም ወይም በጣታቸው ማተም አለባቸው። «ተነበበ» የምትለዋ ቃል ስለጎደለች ብቻ የሚፈርስ ኑዛዜ አለ። መጻፍ የሚችል ሰው ሙሉውን በእጁ ጽፎ በየገጹ ቀንና ፊርማ ቢያደርግበትም ይጸናል፤ በሰባት ዓመት ውስጥ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ወይም ውል አዋዋይ ዘንድ ካላስቀመጠው ግን ዋጋ ያጣል።

ሌላው ነገር ከቤት የወጡት ልጆች ናቸው። የ1997ቱ የፌዴራል የገጠር መሬት አዋጅ ይዞታ ለቤተሰብ አባል ይወረሳል ሲል የቤተሰብ አባል የሚለው በቋሚነት ከባለይዞታው ጋር የሚኖረውንና በእሱ ገቢ የሚተዳደረውን ነበር። ቤይሩት ወይም ጅዳ ሰው ቤት የምትሠራዋን ልጅ አስቧት። ማዳበሪያው የተገዛው፣ ቤቱ ቆርቆሮ የለበሰው በእሷ ገንዘብ ነው። አባት ነው በልጅ ገቢ የሚተዳደረው፤ በዚያ ትርጉም ግን የቤተሰብ አባል አትባልም። አዋጁ በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1324 ተተክቷል፤ ክልሎችም የየራሳቸው ሕግ አላቸው። ስለዚህ የጎረቤት ወሬ ሳይሆን የወረዳውን መሬት አስተዳደር መጠየቅ ያስፈልጋል።

በሌላ በኩል ደግሞ ቤት የቀረው ልጅ አለ። ጓደኞቹ ከተማ ሲገቡ እሱ ሞፈር ጨበጠ፣ አባቱን አስታመመ፣ እናቱን ጦረ። በስሙ የይዞታ ደብተር የለውም፤ ያለችው ሲያገባ አባቱ በአፍ የሰጠው ጉልማ ናት። በአርባው ማግስት ወንድሞቹ «እኩል እንካፈል» ይሉታል። እኩል የሚለው ቃል ደግሞ ለጆሮ ትክክል ነው። ግን ሦስት ጥማድ፣ ሄክታር የማይሞላ መሬት፣ ለስድስት ሰው ተካፍሎ ማንን ያበላል? ሕጉም ቢሆን ከተወሰነ መጠን በታች መቆራረጥን ይከለክላል፤ በኦሮሚያው የ1999 አዋጅ ለምሳሌ ዓመታዊ ሰብል የሚዘራበት መሬት ከግማሽ ሄክታር በታች አይከፈልም ነበር።

እኔ በበኩሌ አራሹ ልጅ መሬቱን ይያዝ ባይ ነኝ። ለሌሎቹ ከከብቱ፣ ከባሕር ዛፉ፣ ካልሆነም ለጥቂት ዓመታት ከምርቱ ይታሰብላቸው። ይህን ደግሞ አባት በሕይወት ሳለ ልጆቹን ፊት ለፊት አስቀምጦ፣ ምክንያቱን ነግሮ ቢወስነው ይከበራል። ጉልማውንም በስጦታ አድርጎ መሬት አስተዳደር ቢያስመዘግበው ልጁ ነገ ምስክር ፍለጋ አይንከራተትም።

እናትን አንርሳ። ደብተሩ ላይ የሁለቱም ስምና ፎቶ ካለ አባት መናዘዝ የሚችለው በራሱ ድርሻ ብቻ ነው፤ የእሷ የእሷ ነው። ባሏ በሞተ ማግስት የባሏ ወንድሞች ማሳ ሲለኩባት የምትመለከት ሴት ይህን የሚነግራት ሰው ያስፈልጋታል። የአማራ ክልል የ1998ቱ አዋጅ ሚስትን ወይም አካለ መጠን ያልደረሰ ልጅን ከመሬት የሚነቅል ኑዛዜ ዋጋ እንደሌለው ደንግጎ ነበር።

ለበዓል አገር ቤት የምትገቡ ሰዎች፣ ልጆቹ ሁሉ አንድ ላይ የሚገኙት ያኔ ነውና ጥያቄውን እናንተ አንሱት። «አባዬ፣ እኔ ምንም አልፈልግም፤ ግን ወንድሜ ነገ እንዳይቸገር አንተው ተናገርልን፣ እናጽፈው» በሉ። እናታችሁ አብራችሁ ትቀመጥ። አራት ምስክር ጥሩ፤ ጮክ ብላችሁ አንብቡት፤ መነበቡንም ጻፉ።