ጥርስን ነክሶ መቻል

«ዝም አይነቅዝም» ብሎ የተረተው ሰው ስለ ምላስ እንጂ ስለ መንጋጋ ያሰበ አይመስለኝም።

እስቲ አንባቢ ሆይ፣ ጣትዎን ከጆሮዎ ፊት አሳርፈው አፍዎን ቀስ ብለው ይክፈቱ። ከጣትዎ ሥር የሚንቀሳቀሰው የመንጋጋዎ መገጣጠሚያ ነው። መጀመሪያ እንደ በር ማጠፊያ ይዞራል፤ ቀጥሎ ወደ ፊት ይንሸራተታል። በሁለቱ አጥንቶች መካከል ስስ ትራስ አለች፤ ከትራሷ በላይና በታች ደግሞ ጥቂት ፈሳሽ። መካኒክ ኩሽኔታውን ግራሶ እንደሚቀባው ሁሉ፣ ተፈጥሮም ይህን መገጣጠሚያ በዚያ ፈሳሽ ታለሰልሰዋለች።

ልዩነቱ ኩሽኔታን ሌላ ሰው ይቀባዋል፤ መገጣጠሚያ ግን የሚቀባው ሲንቀሳቀስ ነው። አጥንቱን ያለበሰው ልም አጥንት የደም ሥር የለውም። ምግቡም ቅባቱም ያው ፈሳሽ ነው። በ1959 (እ.ኤ.አ.) ቻርልስ ማክከቸን የተባለ ተመራማሪ እንዳስረዳው፣ የመገጣጠሚያ ልም አጥንት ሲጫኑት እንደ እስፖንጅ ፈሳሽ ያወጣል፤ ሲለቁት መልሶ ይመጠዋል። ጥርስ ተነክሶ ከቆየ ግን ፈሳሹ ይጨመቃል፤ የሚመለስበት ፋታም አያገኝም። ያን ጊዜ ሰበቃው ይበረታል። ያረፈ መንጋጋ ከንፈሩ ቢገጥምም ጥርሶቹ በጥቂት ሚሊ ሜትር ተራርቀው የሚቀመጡት ያለ ነገር አይደለም።

ይህን ሳነብ የመጣችብኝ እናቴ ናት። ታላቅ ወንድሜ በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ተገደለ። ማልቀስ ክልክል ነበርና እናቴ ጥርሷን ነክሳ እንጀራዋን ጋገረች። ጎረቤቱ ሁሉ «አቤት ጥንካሬዋ!» አለ። እኔ ግን ከአጠገቧ ስለምተኛ ሌሊት ጥርሷን ስታፋጭ እሰማ ነበር። ዓመታት ቆይቶ፣ በጎረሰች ቁጥር መንጋጋዋ «ቋ» ይል ጀመር። ይህ ከዚያ መጣ ብዬ አልምልም፤ የመንጋጋ ሕመም ምክንያቱ ብዙ ነው።

በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ድንኳን ጣልን። ሦስት ቀን ሙሉ ስሙን እየጠራች አለቀሰች። ድምጿ ተዘጋ፤ ፊቷ ግን ፈታ አለ። መንጋጋዋ እስከ ዕለተ ሞቷ «ቋ» ማለቱን አልተወም።

«ጥርሱን ነክሶ ቻለው» ብለን ሰው ስናመሰግን፣ የቻለው እሱ ብቻ አለመሆኑን ብናስብ ደግ ነው። ከጆሮው ፊት ያለችው ትንሽ ትራስም አብራው ችላለች።