ሸማ ተራን በኮድ መሸመን

አማርኛችን አንዳንዴ ሁለት ሙያ በአንድ ስም ያስራል። በነጠላ ጫፍ ላይ የሚሠራውን ባለ ቀለም ሽመና «ጥበብ» ይለዋል፤ ዕውቀትንና ኪነትንም «ጥበብ» ይላቸዋል። ቀን በባንክ መስኮት ብር፣ ማታ በክፍሌ ስንኝ የምቆጥር ሰው ነኝና ይህን መንታ ቃል ከድሮ ጀምሮ እወደዋለሁ። ከኮምፒውተር ጨዋታ ውስጥ ይገጥመኛል ብዬ ግን አልጠበቅሁም።

ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ሰኞ ምሽት በመርካቶ ሸማ ተራ የተነሣውን እሳት አዲስ አበቤ ሁሉ ያስታውሰዋል። ነጠላና ጋቢ፣ የሐበሻ ቀሚስና ቡሉኮ ተደራርቦ የኖረባቸው ሱቆች በአንድ ሌሊት አመድ ሆኑ። የታላቅ እህቴ ሱቅ ከእነዚያ አንዱ ነበር። እህቴ ከዚያ በኋላ ሌላ ቦታ ተከራይታ ሥራ ጀመረች፤ የአሮጌው ሱቅ ነገር ሲነሣ ግን ወይ ቡና መቅዳት ትጀምራለች፣ ወይ ተነሥታ ትሄዳለች። የ13 ዓመት ልጇ አንድ እሑድ በአሮጌው ላፕቶፔ ላይ ሲጫወት ቆየና ቀና ብሎ፣ «ጋሼ፣ ሸማ ተራን እዚህ ውስጥ መሥራት ይቻላል?» አለኝ።

«እዚህ» ያለው ሉዋንቲ የተባለውን ጨዋታ ነው፤ እስከ 2024 እ.ኤ.አ. ድረስ ማይንቴስት ይባል ነበር። ዓለሙ ሁሉ ብሎኬት በመሰሉ ኩቦች የተሠራ ነው፤ ተጫዋቹ ይቆፍራል፣ ይገነባል። በነጻ ይገኛል፤ አቅመ ደካማ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል፤ ኢንተርኔት ቢጠፋም አይቆምም። ደግሞም በሩ ክፍት ነው፤ ማንም ሰው አዲስ ነገር ጽፎ ሊጨምርበት ይችላል። ይህን ጭማሪ «ሞድ» ይሉታል። ልማዱ የቆየ ነው። በ1993 እ.ኤ.አ. የወጣው ዱም ተጫዋቾች የራሳቸውን ሥራ እንዲያስገቡበት የተመቸ ነበር፤ ዛሬ በዓለም የታወቀው ካውንተር ስትራይክም በ1999 እ.ኤ.አ. ሲጀመር፣ ሚን ሌ እና ጄስ ክሊፍ የተባሉ ሁለት ወጣቶች በሀፍ ላይፍ ላይ የጨመሩት ሞድ ነበር።

የቅኔ ቤት ለዚህ ጠባይ እንግዳ አይደለም። ተማሪው የመምህሩን ቅኔ ይሰማል፣ ይፈታል፣ አገባቡን ይመረምራል፤ ከዚያ በዚያው ልክ የራሱን ይቆጥራል። ሲበስልም ቅኔ «ዘረፈ» ይባልለታል። ከማንም ሳይቀማ የሚዘርፍ እንዲህ ያለ ወንበዴ ሌላ የት ይገኛል?

ሞዱ የሚጻፍበት ቋንቋ ሉዋ ይባላል፤ በፖርቱጋልኛ «ጨረቃ» ማለት ነው። በ1993 እ.ኤ.አ. በብራዚል፣ በሪዮ ዴ ጄኔሮ የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ተወለደ። ከሀብታሞቹ አገሮች ውጭ ተወልዶ ዓለምን ማዳረሱ ለእኔ ቢጤ ተማሪ ድፍረት ይሰጣል። ጨዋታው የሚጠቀምበት ዐይነት 21 የተጠበቁ ቃላት ብቻ አሉት፤ «ይህ ከሆነ»፣ «አለዚያ»፣ «እስከዚያ ድረስ»፣ «በቃ» የሚሉ ዐይነት። የቀረውን ስም ሁሉ ጸሐፊው ያወጣል። ከስንኝ ሰዓቴ ቀንሼ ማታ ማታ ተማርሁት።

ለባንክ ሠራተኛ ቶሎ የሚገባ ነገር አለው። በሉዋ «ዜሮ» እና «ኒል» ይለያያሉ። ኒል ከነጭራሹ የሌለ ነው፤ ዜሮ ግን አለ። «እውነት ወይስ ሐሰት?» ተብሎ ሲመዘን፣ በብዙ ሌሎች ቋንቋዎች ሐሰት የሚባለው ዜሮ በሉዋ ከእውነት ወገን ይቆማል። ከቃጠሎው በኋላ በነበሩት ሳምንታት ወደ መስኮቴ የቀረቡ ነጋዴዎች ትዝ ይሉኛል። ሒሳባቸው ባዶ ነበር፤ ደብተሩ ግን አለ፣ ስማቸውም አለ። ዜሮ ነበሩ እንጂ ኒል አልነበሩም።

አንድ ኩብ ለመፍጠር መጀመሪያ ስም ይሰጡታል፤ ቀጥሎ በቅንፍ ውስጥ ጠባዩን ይዘረዝራሉ፦ መግለጫውን፣ የስድስት ገጾቹን ሥዕል፣ የሚመደብባቸውን ቡድኖች። በዝርዝሩ መካከል አንዲት ነጠላ ሰረዝ ብትጎድል ጨዋታው ስሕተቱን በመስመር ቁጥር ጠቁሞ ይቆማል። የአንዱ ገጽ ሥዕል 16 በ16 ነው፤ 256 ነጥብ። ሸማኔ ድሩን እየቆጠረ ቀለም በማግ እንደሚያስገባ፣ ልጁም ነጥቡን እየቆጠረ ቀለም ያስገባ ጀመር። ግን የትኛውን ቀለም? ስንት መስመር?

«እማዬ፣ ከበሩ በስተግራ ይሰቀል የነበረው ነጠላ ጥለቱ እንዴት ነበር?»

እህቴ ዝም አለች። ቆይታ፣ ከሥራዋ ቀና ሳትል፣ «አረንጓዴው ሦስት ነው። ወርቃማው መካከል ላይ ሁለት» አለች። ከዚያ መጥታ ከኋላችን ቆመች። «ይኼ የማሽን ነው። የእጅ ጥለት እንዲህ ድርቅ አይልም፤ ዳሩን ትንሽ አዛንፈው።»

ከዚያ ምሽት ጀምሮ ተናገረች። ሐዘን ዝርዝር አይጠይቅም፤ ኮድ ግን ይጠይቃል። መደርደሪያው ስንት ነበር? ጋቢው ከላይ ነው ከታች? የመዝጊያው ቆርቆሮ ቀለሙ ምንድን ነው? «አይዞሽ» ስንላት ዝም ትል የነበረች ሴት «ስንት ነበር?» ስንላት መለሰች።

ከዚያ ቁጥር 3 መጣ። አዲስ ኩብ ሲሠራ፣ ቀድሞ ካሉት የሚቀርበውን ወስዶ መለወጥ የተለመደ ነው። እኛ ለጨርቃችን የወሰድነው የሱፉን ኩብ ነው። ከቡድኖቹ ዝርዝር ውስጥ «ፍላመብል = 3» የሚል ተጽፎበታል፤ ተቀጣጣይ ማለት ነው። የእንጨቱ ጣውላ 2 ነው፤ የሱፉ 3። ልጁ ትርጉሙን ሲሰማ ጣቱ ወደ መሰረዣው ሄደ።

«ላጥፋው፣ ጋሼ? ካጠፋሁት እኮ አይቃጠልም።»

እውነቱን ነው። ያ ቃል ከጠፋ ተቀጣጣይነቱ ኒል ይሆናል፤ በዚያ ዓለም ያለ እሳት ጨርቁን አልፎት ይሄዳል። በግጥም የሞተን አስነሥተናል፣ የፈረሰን አቁመናል፤ የግጥም አንባቢ ግን ምኞት መሆኑን እያወቀ ነው አብሮን የሚያለቅስ። እዚህ የተጻፈው ሁሉ በጨዋታው ዓለም ውስጥ ይሆናል። የማይነድ ጨርቅ ለልጁ ብሰጠው መጽናኛ ነው ወይስ ሽንገላ? ዝም ብዬ ተቀመጥሁ።

የመለሰችው እህቴ ናት። «ተወው፤ ጨርቅ ይነዳል። ይልቅ መንገዱን አስፋው፤ ውኃ የጫነ መኪና ይግባበት።»

ልጁ መንገዱን አሰፋ፤ ሱቆቹን አራራቀ፤ በየመካከላቸው የድንጋይ ግንብ አቆመ። መልካም ሰፈር ወጣው፤ ሸማ ተራን ግን አልመስል አለ። ሸማ ተራ ትከሻ ለትከሻ እየተጋፉ የሚያልፉበት፣ የአንዱ ሱቅ ጋቢ ከጎረቤቱ ደጃፍ የሚደርስበት፣ ዝርዝር ብር የጠፋበት ነጋዴ እጁን ብቻ ዘርግቶ ከጎረቤቱ የሚቀበልበት ሰፈር ነው። እሳትም ሲመጣ መንገድ የሚያገኘው በዚያው መጠጋጋት ነው።

ስለዚህ ፎልደሩን ኮፒ አደረግነው። አሁን ሁለት ሸማ ተራዎች አሉን፤ አንደኛዋ እንደ ነበረችው ጠባብ፣ ሁለተኛዋ ሰፊ። በሁለቱም ጨርቁ 3 ነው። እህቴ ጠባቧን ስታይ፣ «መደርደሪያው አንድ ይጎድለዋል» ብላ አስጨመረችን። ሰፊዋን ግን ረጅም ጊዜ አየቻት። ከግንቡ እስከ ግንቡ ያለውን ስፋት በዓይኗ ለካች።

«እዚህ» አለች በመጨረሻ፣ «ኪራዩ ስንት ነው?»