የማድ ቤት ጥራጊና የምድር ዕዳ

ቤት ያቆመ ሰው ሁሉ የጎተራውን ልክ ያውቃል፤ ከማድ ቤቱ በየቀኑ የሚጣለውን የሚሰፍር ግን ጥቂት ነው። እኛም በሰቆጣ ስንኖር ለብዙ ዘመን እንዲሁ ነበርን፤ የድንቹ ልጣጭ፥ የጎመኑ አገዳ፥ የቡናው አተላ በአንድነት ተጠራርጎ ከከተማው ዳር ካለው ገደል ይጣል ነበር።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቆሼ በሚባለው ስፍራ የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 የሚበልጡ ሰዎችን በገደለ ጊዜ ግን ልባችን ደነገጠ። ያ ተራራ ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ ከየቤቱ ጥቂት በጥቂት የወጣ ነው እንጂ።

በዋግ ደጋ ደግሞ ሌላ ቁም ነገር አለ። ማገዶ ስለ ጠፋ እበቱ ኩበት ሆኖ ወደ ምድጃ ይገባል፤ እርሻው ግን ከዓመት ዓመት ይጾማል። ልጣጭ ለምድጃ አይሆንምና፥ ለምድር ሊተርፍ የሚችል እርሱ ነው ብለን አሰብን።

ስለዚህ አንድ ወዳጃችን ከባሕር ዳር ጥቂት ቀይ ትል በእርጥብ ጭድ ጠቅልሎ አመጣልን። ይህ ትል በእርሻ ውስጥ ጠልቆ ከሚኖረው የተለየ ነው፤ ኑሮው ከላይ በሚበሰብስ ነገር ውስጥ ነው። ከታች የተበሳ የእንጨት ሣጥን በጥላ አኑረን፥ እርጥብ ጭድና የተቀደደ ወረቀት አንጥፈን፥ በጆንያ ሸፈንነው።

እናታችን ይህን ባዩ ጊዜ፥ «ልጄ፥ ትል የመቃብር ባለቤት ነው፤ ከማድ ቤት ምን አገናኘው?» ብለው ተቈጡ። እኛም በችኰላ የተረፈውን ሽሮ ወጥ ከነጨው ከነበርበሬው ጨመርንበት። በማግሥቱ ትሎቹ የሣጥኑን ግድግዳ እየወጡ ሲሸሹ አገኘናቸው፤ እኵሌቶቹም ሞቱ። ጨው፥ ዘይት፥ ሥጋና ሎሚ እንደማይስማማቸው የተማርነው በዚህ ነው፤ ጥፋቱ የእኛ ነበረ።

ዳግመኛ ስንጀምር ልጣጩን ከትፈን ከጭዱ ሥር እየቀበርን መገብናቸው፤ የፊተኛው ሳያልቅ ሌላ አልጨመርንም። ጭዱም ተጨምቆ እንደ ወጣ ጨርቅ ያህል ብቻ እንዲረጥብ አደረግን። በሦስተኛው ወር ጥቁርና ልል፥ የዝናብ ሽታ ያለው አፈር አገኘን። እንግሊዛዊው ሊቅ ቻርልስ ዳርዊን እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1881 ዓ.ም. ስለ ምድር ትል አንድ ሙሉ መጽሐፍ ማሳተሙ ስለምን እንደ ሆነ ያን ጊዜ ገባን።

አፈሩን በጎመን መደብ ላይ ስንበትን እናታችን ቆመው ተመለከቱ። በ1977 ዓ.ም. በዋግ የሆነውን ረኀብ በዓይናቸው ያዩ ናቸው። ጎመኑ በለመለመ ጊዜ ብዙ አልተናገሩም፤ ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጣጭ ይዛ ወደ ገደሉ የምትሄደውን ልጅ፥ «ቀለባቸውን ወዴት ትወስጂዋለሽ?» እያሉ ይመልሷታል።

በ2007 ዓ.ም. በከተማችን ስም የተሰየመው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየው መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. እንዲጠፋ የተገባ ቃል ነው። አንድ ሣጥን ትል ይህን ሁሉ አይፈጽምም፤ ዳሩ ግን አንድ መደብ ጎመን ለአንድ ሕፃን ገበታ ትንሽ ነገር አይደለም። እናንተም ቤታችሁን በሥርዓት የምታስተዳድሩ ሁሉ፥ ምድር ያበደረችንን ልጣጩን እንኳ እንመልስላት።