የታችኛው ፎቅ ልጅ

አምና ልጄን ልጠይቅ አሜሪካ ሄጄ አምስት ወር ተቀመጥኩ። የምትኖረው ከዋሽንግተን ዲሲ ብዙ በማይርቅ የቨርጂኒያ ከተማ ነው። በሕንፃው ውስጥ ከእኛ አገር ሰው ሌላ የሚበዙት ከኤልሳልቫዶር የመጡ ናቸው። ላቲኖ ይሏቸዋል፤ ቋንቋቸው ስፓኒሽ ነው። ከእኛ በታች ያለችው ጎረቤት ሌሊት ቢሮ ታጸዳለች። የአሥር ዓመት ልጅ አለቻት፤ ከልጅ ልጄ ጋር አንድ ክፍል ይማራሉ።

አንድ ቀን ፋርማሲ ተሰልፌ እናትና ልጅ ከፊቴ ቆመው አገኘኋቸው። እናትየው ስኳር አለባት። ፋርማሲስቱ በእንግሊዝኛ ይናገራል፣ ልጅቷ ለእናቷ በስፓኒሽ ታስረዳለች። ስፓኒሹን ባልሰማም እንግሊዝኛውን እሰማለሁ። “በቀን ሁለቴ፣ ከቁርስና ከእራት ጋር” ሲላት ዝም ብላ አላስተላለፈችውም። “እናቴ ሌሊት ሠርታ ቀን ነው የምትተኛው። ቁርስ የምትበላው ማታ ነው። የትኛውን ቁርስ ማለትዎ ነው?” አለችው። ሰውየው ቀና ብሎ አያት። ከሠላሳ ዓመት በላይ በነርስነት ስሠራ ይህን ጥያቄ መጠየቅ የሚረሱ ባለሙያዎች አይቻለሁ፤ እኔም ራሴ ረስቼ አውቃለሁ። (ልጅ የእናቱን ሕመም እንዲያስተረጉም አልወድም፣ ይከብደዋል። ግን ሲደረግ ይታያል።)

ማታ ለልጄ ስነግራት፣ “ውይ እማዬ፣ እሷ እኮ ደካማ ናት ይባላል፤ የእንግሊዝኛ ንባቧ ዝቅተኛ ነው” አለችኝ። የልጅ ልጄ ግን በዚያው ሰሞን ልዩ ተሰጥኦ አላቸው ለሚባሉ ልጆች ክፍል ታጭታ ነበር። እንዴት ታጨች ብትሉ፣ እናቷ ፎርም ሞልታ፣ የልጅቷን ሥራዎች አያይዛ አስገብታላት ነው። አያት ነኝና ደስ ብሎኛል። እንቅልፍ ግን አልወሰደኝም።

ያስታወስኩት የራሴን ጥፋት ነው። ሥራ በጀመርኩባቸው ዓመታት በሲዳማ ገጠር አንድ አምስት ዓመት የሚሆነው ልጅ አምጥተውልኝ፣ በአማርኛ ጠይቄው አልመልስ ሲለኝ፣ ካርዱ ላይ “የአእምሮ እድገቱ ዘገምተኛ” ብዬ ጻፍኩ። የጽዳት ሠራተኛችን በሲዳምኛ ብታናግረው የላሞቻቸውን ስም እስከ ጥጃዋ ድረስ ዘረዘረላት። የጻፍኩትን ሰረዝኩት፤ ስርዙ ግን ካርዱ ላይ ይታይ ነበር።

በካሊፎርኒያም ይኸው ሆኗል። ስፓኒሽ ተናጋሪ የሆኑ ዘጠኝ ልጆች በእንግሊዝኛ ተፈትነው የአእምሮ ዘገምተኞች ክፍል ገቡ። በቋንቋቸው እንደገና ሲፈተኑ አብዛኞቹ እዚያ መግባት የማይገባቸው ሆነው ተገኙ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1970 (እ.ኤ.አ.) በስምምነት ሲያልቅ፣ ልጆች በቤታቸው ቋንቋ እንዲፈተኑ ተወሰነ። ጆርጅ ሳንቼዝ የተባለ የኒው ሜክሲኮ ተወላጅ ምሁር ግን ይህን ስህተት ገና በ1930ዎቹ ጽፎ አስጠንቅቆ ነበር።

ፍሎሪዳ ውስጥ ብሮዋርድ በተባለ አካባቢ ደግሞ ለተሰጥኦ ክፍል የሚፈተነው መምህር ወይም ወላጅ የጠቆመው ልጅ ነበር። በ2005 የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሁሉ ይፈተን ተባለ። የላቲኖና የጥቁር ልጆች ቁጥር በአንድ ጊዜ ጨመረ። ልጆቹ አዲስ አልመጡም፤ ድሮም እዚያው ክፍል ተቀምጠው ነበር፣ የጠቆማቸው ሰው ነው ያልነበረው።

ከሁሉ የገረመኝ ግን የስታንፎርዷ ጓዳሉፔ ቫልዴስ በ2003 ያወጣችው መጽሐፍ ነው። ለቤተሰባቸው የሚያስተረጉሙ የስደተኛ ልጆችን አጥንታ፣ ይህ ችሎታ ራሱ ተሰጥኦ ተብሎ ሊቆጠር ይገባል ትላለች። ሁለት ሰው እኩል መስማት፣ ማን ምን እንዳልገባው ማወቅ፣ የሚያስቀይመውን ቃል ማለዘብ፣ ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ ነው የሚሠራው። ፋርማሲው ውስጥ ያየሁት ይህንኑ ነው።

ልጅቷን ደረጃው ላይ አግኝቼ ስለ ፎርሙ ጠየቅኳት። ከትምህርት ቤት የሚመጣውን ወረቀት ለእናቷ የምታነበው እሷ ናት።

“አይቼዋለሁ፤ አላነበብኩላትም” አለችኝ።

“ለምን?”

“ለሌሎቹ ልጆች መስሎኝ።”

እሁድ ማታ ከልጄና ከልጅ ልጄ ጋር ፎርሙን ይዘን ወረድን። ቡና ቀረበ። ልጅቷ እንደ ልማዷ መሃል ተቀምጣ ታስተረጉማለች። የፋርማሲውን ነገር ማንሳት ስጀምር ግን አፏን ያዘች። “ይኼን አልናገርም፣ ስለ ራሴ ነው” አለች። በመጨረሻ የልጅ ልጄ ሜዳ ላይ በለቃቀመችው ስፓኒሽ እየተንተባተበች ለእናትየው ነገረቻት። እናትየው መጀመሪያ በስፓኒሹ ሳቀች፣ ቀጥላ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ፎርሙ ገባ። እኔ መልሱ ሳይመጣ ተመለስኩ። ልጄ እሁድ እሁድ ስትደውል፣ ሰላምታ ሳንጨርስ “የታችኛዋስ ልጅ?” እላታለሁ። እስካሁን አልተነገራቸውም።