ሐኪምና ሚዛን

አንባቢ ሆይ፤ ከአዲስ አበባ ወደ ቢሾፍቱ ስትወርድ ዱከም ላይ አርፈህ ጥሬ ሥጋ በልተህ እንደ ሆነ፣ ነጻ ገበያ ምን ማለት እንደ ሆነ ያለ መምህር ተረድተኸዋል። ከተሰቀለው ሥጋ ፊት ቆመህ «ከዚህ ቁረጥልኝ» ትላለህ፤ ሚዛኑን ታያለህ፤ ዋጋው ካልተስማማህ ወደ ጎረቤቱ ልኳንዳ ትሻገራለህ። ባለቤቱም ይህን ስለሚያውቅ ያከብርሃል።

ከዚያው መንገድ ዳር ካለ ክሊኒክ ስትገባ ግን ነገሩ ይለወጣል። የሚያስፈልግህን የሚነግርህ ሐኪሙ ነው፤ የሚሸጥልህም እርሱው ነው። እዚያው ዱከም የማውቀው አንድ የፋብሪካ ሠራተኛ ሦስት ምርመራ የታዘዘበትን ወረቀት ይዞ መጣና፣ ገንዘቡ ለሁለቱ ብቻ ስለሚበቃ «የትኛው ቢቀር ይሻላል?» ሲል ጠየቀኝ። እኔ የመዝገብ ቤት ጸሐፊ እንጂ ሐኪም አይደለሁም፤ ምን ልመልስለት?

አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ኬኔት አሮው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1963 ባሳተመው ጽሑፍ ያመለከተው ይህንኑ ነው። ሕመም መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም፤ ሕመምተኛውም ከሐኪሙ ያነሰ ያውቃል። ስለዚህ ለሌላው ሸቀጥ የሚበቃው የገበያ ሕግ ለሕክምና ብቻውን አይበቃም፤ መተማመን ያስፈልገዋል።

«ታዲያ የግል ክሊኒክ ይዘጋ ነው የምትለው?» ትለኝ ይሆናል። አይደለም። ሐኪምም የቤት ኪራይ ይከፍላል፣ ልጅ ያሳድጋል። የምለው፣ የሐኪሙ ብዕር ከገንዘብ መቀበያው መስኮት ይራቅ ነው። ገቢው ባዘዘው ምርመራ ብዛት የሚለካ ሐኪም ቅን ሰው ቢሆን እንኳ ዘወትር ፈተና ላይ ነው።

በሕመምተኛው በኩል ያለው መፍትሔ ግን ከእድር የምናውቀው ነው፤ ሳይቸግር አስቀድሞ ማዋጣት። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ለሙከራ የተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በዚሁ ሐሳብ የቆመ ነው። እርሱ ግን የታሰበው ለገበሬውና በግሉ ሥራ ለሚተዳደረው ነው። ለደመወዝተኛው የማኅበራዊ ጤና መድን ዐዋጅ በ2002 ዓ.ም. ቢወጣም፣ ሥራ ላይ መዋሉ ለብዙ ዓመታት ሲንከባለል ቆየ። ከደመወዛችን 3 በመቶ ይቆረጣል በተባለ ጊዜ ካጉረመረሙት መካከል እኛ የቢሮ ሰዎች ነበርንበት።

አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። ዛሬ ግን ብዙ ሰው በሽታውን የሚደብቀው አፍሮ ሳይሆን ዋጋውን ፈርቶ ነው። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ የመዋጮው ነገር ዳግመኛ ሲነሣ ከማጉረምረምህ በፊት ያንን ባለ ሦስት ምርመራ ወረቀት አስበው፤ በላዩ ላይ ያለው ስም ነገ የአንተ ሊሆን ይችላልና።